ከዓሣው በፊት ውሃው፦ ለቤታ ዓሣ አነስተኛ አኳሪየም ስለ ማዘጋጀት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ፣ ርዝመቱ ጅራቱን ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ ዓሣ ለመስማት እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመራችን በፊት በር ላይ ስንጨዋወት እንደተረዳሁት፣ ከመካከላችሁ ጥቂቶቹ ለዓመታት አኳሪየም የያዛችሁ ናችሁ፤ የምትበዙት ግን የመጀመሪያውን ቤታ ለመግዛት በማሰብ ላይ ያላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በቅርቡ ገዝታችሁ በብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣችሁት የመጣችሁ ናችሁ። ንግግሬ በዋናነት ገና ላልገዙት ነው። የገዛችሁትም አትዘኑ፤ ለእናንተ የሚሆን ነገር ወደ በኋላ እናገራለሁ።

የመጀመሪያውን ቤታዬን የገዛሁት ከዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ነበር። ሻጩ ዓሣውን ሁለት ኩባያ ያህል ውሃ በሚይዝ ክብ ብርጭቆ አድርጎ ሰጠኝና «ይህ ዓሣ አያስቸግርም፤ ማጣሪያም ማሞቂያም አይፈልግም፤ በሦስት ቀን አንዴ ውሃውን መቀየር ብቻ ነው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። በየሦስት ቀኑ ውሃውን ሙሉ በሙሉ እየደፋሁ፣ ከቧንቧ የቀዳሁትን ቀዝቃዛ ውሃ እሞላለት ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ዓሣው ክንፎቹን አጥፎ ከሥር ተኛ፤ ምግብ እምቢ አለ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባኝም ይኸው የውሃው ጥራት ነው፤ ዓሣውን የገደሉት ከራሱ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ አሞኒያም ሆነ ክሎሪን ወይም ቅዝቃዜ በዓይን የሚታዩ እንዳልሆኑ የተረዳሁት በኋላ ነውና።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብትሉኝ፣ ዓሣው ከመምጣቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ውሃው ይዘጋጅ እላለሁ። የመስታወቱን ገንዳ መግዛት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጠጠሩን አጥቦ፣ ተክሉን ተክሎ፣ መብራቱን አብርቶ ማየትም ደስ የሚያሰኝ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውሃው ሕይወትን ለመሸከም እስኪበቃ መጠበቅ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በእኔ ግምት ጀማሪዎች ዓሣ የሚሞትባቸው በአብዛኛው እነዚህን ሳምንታት ስለሚዘልሉ ነው።

የእንግዳውን ማንነት ሳናውቅ ቤት ልናዘጋጅለት ስለማንችል፣ አስቀድሜ ስለ ትውልድ ቦታው ጥቂት ልበል። ቤታ የታይላንድ ተወላጅ ነው። በተለይም የቻዎ ፕራያ ወንዝ በሚያጠጣው የማዕከላዊ ታይላንድ ሜዳ፣ በሩዝ ማሳዎች፣ በመስኖ ቦዮች፣ በረግረግና ሣር በዋጣቸው ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ ይኖራል። የአገሩ ሰዎች «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ነካሽ ዓሣ ማለት ነው። ወንዶቹ ከክልላቸው ለመባረር የማይፈቅዱ ተፋላሚዎች በመሆናቸው፣ ሰዎች እየመረጡ ሲያራቧቸውና ሲያፋልሟቸው ኖረዋል፤ በገበያ «ፋይተር» ተብሎ የሚጠራውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በሳይንሱ መዝገብ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። የዴንማርክ ተወላጁ ሐኪም ቴዎዶር ካንቶር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1849 ስለዚህ ተፋላሚ ዓሣ የጻፈው ስሙን ከሌላ ዘመዱ ጋር ባደባለቀ መንገድ ነበር፤ በ1910 እንግሊዛዊው የዓሣ ሊቅ ቻርልስ ቴት ሬገን ስህተቱን አይቶ ዛሬ የምናውቀውን «ቤታ ስፕሌንደንስ» የሚለውን ስም ሰጠው። በ2019 የታይላንድ መንግሥት ዓሣውን የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ አወጀ። በዱር የሚኖረው ቤታ ግን፣ መኖሪያው በመጥፋቱና በመበከሉ ምክንያት፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ተርታ ተሰልፏል። በዓለም ዙሪያ በሱቆች መደርደሪያ ላይ በብዛት የምናየው ዓሣ በገዛ አገሩ ረግረግ እየተቸገረ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው የአካሉ ምሥጢር እንምጣ። ቤታ እንደ ሌሎች ዓሦች በስንጥቡ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ይስባል፤ ከዚህ በተጨማሪ ግን ከስንጥቡ በላይ፣ በራሱ ውስጥ፣ ላቢሪንት የሚባል የተጣጠፈና በደም ሥሮች የተሞላ አካል አለው። በዚህ አካል ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ ከአየር ላይ በቀጥታ ይተነፍሳል። ሞቃትና ረግቶ በሚቆይ ውሃ ውስጥ ኦክስጂን ስለሚያንስ፣ ይህ ችሎታ በትውልድ ቦታው ሕይወቱን የሚያተርፍለት ነው። በንግድ ዓለም ግን ጎዳው። ሌላ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ በሚሞትበት ኩባያ ቤታ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ሰዎች ጽናቱን እንደ ምቾት ቆጠሩበት። «የሚኖረው በሩዝ ማሳ በሚገኝ ትንሽ ውሃ ነው» የሚለውም ክርክር ውኃ አያነሳም። የሩዝ ማሳ ጥልቀቱ ጥቂት ቢሆንም ስፋቱ እጅግ ብዙ ነው፤ በፀሐይ የሞቀ፣ ተክልና ጥቃቅን ነፍሳት የሞሉበት፣ ቆሻሻውን ራሱ የሚያጠራ ውሃ ነው። ላቢሪንቱ ዓሣውን ከአየር እጥረት ያድነዋል እንጂ ከአሞኒያም ከብርድም አያድነውም።

እንግዲህ ገንዳው ምን ያህል ይሁን? ከ10 ሊትር በታች የሆነውን ሁሉ ተዉት። እኔ የምመክረው 20 ሊትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ፣ ውሃው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ይህን ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለውን ገንዳ መስታወት የሚቆርጡ ባለሙያዎች ለአኳሪየም በሚሆን ሲሊኮን ሊገጥሙላችሁ ይችላሉ፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውና ሻጋታ ማጥፊያ የተጨመረበት ሲሊኮን ግን ዓሣ ስለሚመርዝ፣ ሲያዝዙ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ረጅምና ቀጭን፣ እንደ ማማ የቆመ ገንዳ አትግዙ፤ ቤታ በየጊዜው አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣልና፣ ክንፉ ለረዘመበት ወይም ላረጀ ዓሣ ያ መንገድ አድካሚ ነው። ክዳን የግድ ነው። ቤታ ይዘልላል፤ ክዳን በሌለው ገንዳ አጠገብ ወለል ላይ ደርቆ የተገኘ ዓሣ ብዙ ሰው አይቷል። በክዳኑና በውሃው መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአየር ቦታ ተዉለት፤ ክዳኑም ሙሉ በሙሉ የታፈነ አይሁን። ይህ ቦታ ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይይዛል፤ ዓሣው የሚስበው ያንን አየር ስለሆነ በአዲስ አበባ ሌሊት ትርጉሙ ትልቅ ነው። ገንዳው ከነጠጠሩ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የማይነቃነቅ ይሁን፤ ከሥሩም ስስ የፎም ንጣፍ ይነጠፍ። ፀሐይ በቀጥታ ከምትገባበት መስኮት አርቁት።

ስለ ሙቀት በሰፊው መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው ይህ ነው። ቤታ የሚመቸው ውሃ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የውጭው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በክረምቱም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሹራብ ለብሰን እንውላለን። የዓሣ ደም የራሱ ሙቀት ስለሌለው፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ውሃው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለ ቤታ ምግቡን በአግባቡ መፍጨት ያቅተዋል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። ሰነፍ ነው፣ ያኮርፋል ተብሎ የሚታማው ዓሣ ብዙውን ጊዜ የበረደው ዓሣ ነው። ስለዚህ ለ20 ሊትር ውሃ ባለ 50 ዋት፣ የራሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የውሃ ውስጥ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ከማሞቂያው ተለይቶ የሚቀመጥ ቴርሞሜትርም አብሮ ይገዛ፤ ርካሽ ማሞቂያ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የውሃው እውነተኛ ሙቀት አንዳንድ ጊዜ አይገናኙም፤ መቆጣጠሪያው ተጣብቆ ውሃውን ከልክ በላይ የሚያሞቅም ያጋጥማል። ይህን ሁሉ ዓሣው ሳይገባ በፊት ለማወቅ ጊዜ አላችሁ። በድሬዳዋ ወይም በሠመራ ለሚኖሩ ጭንቀቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች ውሃው ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ጥላ ያለበት ቦታ መምረጥና ክዳኑን አየር እንዲያስገባ ማድረግ ይቀድማል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። ማሞቂያው ከውሃ ውጭ ሆኖ መሥራት የለበትም፤ ውሃ ስትቀይሩ አስቀድማችሁ ከሶኬት ንቀሉት፣ እስኪበርድም 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ካለ ሶኬቱ ውስጥ ከመግባት ይልቅ መሬት ላይ ይፈስሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትደንግጡ። የ20 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ አይቀዘቅዝም። ገንዳውን በአራቱም ጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል፤ የላይኛው የአየር መግቢያ ግን ክፍት ይሁን። መብራቱ ሳይመጣ የሚቆይ ከሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሞቀ ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ ከድኖ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ ይቻላል። የፈላ ውሃ በቀጥታ መጨመር ግን ክልክል ነው። በድንገት የሚለዋወጥ ሙቀት ዝግ ብሎ ከሚመጣ ቅዝቃዜ የበለጠ ይጎዳል።

ወደ ውሃው ምንጭ እንለፍ። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ከግድቡ ውሃ የበለጠ ማዕድን ስለሚሸከም፣ የአንዱ ሰፈር ውሃ ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ በማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ጠጣር ነው። ቤታ በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ6.5 እስከ 7.5 ቢሆንለት ይመርጣል፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውንም ይለምዳል፤ ቁጥሩን ለማስተካከል ብላችሁ ኬሚካል ከምትጨማምሩ፣ የማይለዋወጥ ውሃ ብትሰጡት ይሻለዋል። የማይታገሠው ክሎሪንን ነው። ለእኛ ጤና ሲባል የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፤ በኋላ የምነግራችሁን ጠቃሚ ባክቴሪያም ይገድላል። ክሎሪንን ወዲያው የሚያከሽፍ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የአኳሪየም ፈሳሽ ካገኛችሁ በመመሪያው መሠረት ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ ውሃውን አፉ በሰፋ ባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ቢቻል ለሁለት ቀን አስቀምጡት፤ ተራ ክሎሪን በዚህ ጊዜ ይተናል። ይህ ዘዴ ክሎራሚን የሚባለው ሌላው ማከሚያ በሚጨመርበት አገር እንደማይሠራ፣ ውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች ይጠቀሙበታል። ባልዲው ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ፣ ሳሙናም ኦሞም ያልነካው ይሁን። የተጣራ ባትሪ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ብቻውን አይሆንም።

የከተማችን ከፍታ በማጣሪያ ምርጫችንም ላይ ይገባል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጂንም ያንሳል፤ ውሃውን ስናሞቀው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ቤታው ወደ ላይ ወጥቶ ስለሚተነፍስ ብዙ አይጨነቅም። ውሃውን የሚያጠሩልን ባክቴሪያዎች ግን ላቢሪንት የላቸውም፤ ያለ ኦክስጂን አይሠሩም። ለዚህ ነው ከማጣሪያዎች ሁሉ በትንሽ የአየር ፓምፕ የሚሠራውን የስፖንጅ ማጣሪያ የምመርጠው፤ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ እየሳበ፣ አረፋውም የውሃውን ገጽ እያነቃነቀ አየር ያስገባል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ የሚሰበር ነገርም የለውም። በአየር ቱቦው ላይ ትንሽ መቆጣጠሪያ አድርጋችሁ ፍሰቱን አለዝቡት፤ ሰው እየመረጠ ያራባቸው ቤታዎች ክንፋቸው እንደ ነጠላ የተንዘረፈፈ ስለሆነ፣ ኃይለኛ ወራጅ ቀኑን ሙሉ ሲያንገላታቸው ይውላል። ፓምፑ ከውሃው ወለል ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ወይም በቱቦው መካከል ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ይግባበት። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ውሃ በቱቦው ተመልሶ ፓምፑንና ምንጣፉን ሊያበላሽ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህች ትንሽ ቫልቭ ከማንኛውም ጌጥ ትበልጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ዓሣ በሚተነፍስበት ጊዜ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱም፣ ሳይበላ የቀረው ምግብም፣ የበሰበሰ ቅጠልም ወደ አሞኒያ ይለወጣሉ። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ፒኤቹ ከፍ ሲልና ውሃው ሲሞቅ የመርዛማው ድርሻ ይጨምራል። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ናይትሮሶሞናስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጂን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከእነርሱ ቀጥሎ ናይትሮስፓይራ የሚባሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያሻግሩታል፤ ናይትሬት በመጠኑ እስከተያዘ ድረስ ብዙ አይጎዳም፤ ተክሎች ይመገቡታል፣ የቀረውን እኛ በየሳምንቱ ውሃ ስንቀይር እናወጣዋለን። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፉ ይልቅ በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በተክሉ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን የሉም ማለት ይቻላል፤ እስኪራቡም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

እናቶቻችን እንጀራ ለመጋገር ሲነሡ ሊጡን አቡክተው ወዲያው ምጣድ ላይ አያፈሱትም፤ እርሾ ጨምረው እስኪቦካ ይጠብቁታል። የገንዳችንም ውሃ እንደዚያው ነው። ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ማጣሪያውና ማሞቂያው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይሥሩ፤ ባክቴሪያዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ እጅግ ቀስ ብለው ስለሚራቡ፣ «ዓሣ ሳይኖር ለምን አሞቃለሁ» ብሎ ማሞቂያውን የነቀለ ሰው ወሩን ሁለት ወር ያደርገዋል። ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ይሆን ዘንድ ዓሣ ያለ ይመስል በየቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ሽቶና ሳሙና ያልተጨመረበት ንጹሕ አሞኒያ የሚያገኝ ሰው ደግሞ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ጨምሮ ይጀምራል። ከዚያ መለካት ነው። በመጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ እርሱ እየወረደ ናይትራይት ይወጣል፤ በመጨረሻም ናይትራይቱ ወርዶ ናይትሬት ይታያል። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው፣ አዲስ የጨመራችሁት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ዜሮ ሲገባ ውሃው ቦክቷል። ያን ጊዜ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን ውሃ ቀይራችሁ ናይትሬቱን በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ታወርዱና ዓሣውን ለመግዛት ትሄዳላችሁ።

የመለኪያ ጠብታዎቹን በአገር ውስጥ ማግኘት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና «ምን ላምጣ?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ግንብ ሳይሆን አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት የሚለካ የጠብታ መለኪያ ያምጣላችሁ። እርሾውንም መዋስ ይቻላል፤ ጤነኛ ዓሦች ያሉት፣ የቆየ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ፣ የእርሱን ስፖንጅ በእናንተ ገንዳ ውስጥ መጭመቅ ወይም ከፊሉን ቆርጦ ማስገባት የጥበቃውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥረዋል። ውሃውን ብቻ መዋስ ግን ብዙ አይጠቅምም። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ስፖንጁ ሲቆሽሽ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ክሎሪኑ ያን ሁሉ ሳምንት ያሳደጋችሁትን በአንድ ደቂቃ ይገድለዋል። ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቆ መመለስ ይበቃል።

ዓሣውን አስቀድማችሁ ለገዛችሁት ቃል ገብቼ ነበር። ዛሬውኑ ከብርጭቆው አውጥታችሁ፣ ክሎሪኑ የወጣለት የሞቀ ውሃ ወዳለበት ሰፊ ገንዳ አዛውሩት፤ ማጣሪያና ማሞቂያ አስገቡለት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሩብ ያህሉን፣ ተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ለውጡ፤ ምግቡን በጣም ቀንሱ፤ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከፍ ካለ በዚያው ቀን ተጨማሪ ውሃ ቀይሩ። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ዓሣውን ያተርፋል። ሙሉ በሙሉ ደፍቶ መሙላትን ግን እባካችሁ ተዉ፤ እኔ የመጀመሪያውን ዓሣዬን ያጣሁት በዚያ ነው።

ስለ ውስጡ ማስዋቢያ አጠር አድርጌ ልናገር። ከወንዝ ያመጣችሁት ድንጋይ ወይም ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ከተነፋፈሰና አረፋ ካወጣ የኖራ ዘር ስላለበት ውሃውን ያጠጥረዋልና ተዉት። ጌጦቹን ስስ በሆነ የናይለን ስቶኪንግ ዳስሷቸው፤ ስቶኪንጉን የያዘ ጠርዝ የዓሣውንም ክንፍ ይቀድዳል። ከተክሎች የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው አኑቢያስ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ብርሃን ብዙ አይፈልግም፣ ቅጠሉም ሰፊ ስለሆነ ቤታው እንደ አልጋ ይተኛበታል። ግንዱን ግን ጠጠር ውስጥ አትቅበሩት፤ ይበሰብሳል፤ በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር እሰሩት። መብራቱ በቀን ከ8 ሰዓት አይብዛ።

ተንሳፋፊ ተክል ለቤታ ጥላ ይሆነዋል፤ ነገር ግን ከሐይቅ ዳር እምቦጭ ለቅሞ የሚያመጣ ሰው ካለ አጥብቄ እለምነዋለሁ፣ አይሁን። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ፣ ለጓሮ ኩሬ ጌጥ እየተባለ ነው። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። የአኳሪየም ተክልንም ሆነ ዓሣን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ መጣል በዚያው መንገድ መሄድ ነው። ቤታ ራሱ ከሰዎች እጅ አምልጦ በሰሜን አውስትራሊያ ወንዝ ውስጥ ተራብቷል። የማትፈልጉትን ተክል አድርቃችሁ ጣሉት፤ የማትፈልጉትን ዓሣ ለሚያሳድገው ስጡ።

ውሃው ከቦካ በኋላ ዓሣ ስትመርጡ ክንፉን ዘርግቶ የሚዋኝ፣ ጣታችሁን ወደ መስታወቱ ስታስጠጉ የሚከተል፣ ሆዱ ያልተነፋና በአካሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሌለበትን ምረጡ። አንድ ወንድ ለአንድ ገንዳ ነው፤ ሁለት ወንድ በ20 ሊትር ማኖር አንዱን ለሞት መስጠት ነው። ለብቻው መኖሩ እኛ እንደምናስበው ብቸኝነት አይሆንበትም፤ በትውልድ ቦታውም እያንዳንዱ ወንድ የራሱን ክልል ይዞ ነው የሚኖረው። ወደ ቤት ስታመጡት ከረጢቱን እንደታሰረ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ከዚያ ከፍታችሁ በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ሲኒ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት፤ በመጨረሻም ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡት፤ የሱቁን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉት። የዚያን ዕለት መብራቱ አይብራ፤ ምግብም አይሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ካያችሁ በኋላ፣ ሥጋ በል እንደመሆኑ ለቤታ ተብሎ ከተዘጋጀው ምግብ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ስጡት፤ ያልበላውን አውጡ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን መቀየር ይበቃል።

ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በአንዱ ጥግ፣ በቅጠል ሥር፣ ጥቃቅን አረፋዎች ተጣብቀው ስታዩ ሳሙና ገባበት ብላችሁ አትደንግጡ። ወንዱ ከአፉ በሚያወጣው ምራቅ አየሩን እየጠቀለለ የሚሠራው ጎጆ ነው፤ ሴት ብትኖር እንቁላሎቹን በአፉ እየለቀመ እዚያ ያስቀምጥና እስኪፈለፈሉ ይጠብቃቸዋል። ሴት ባትኖርም ይሠራዋል። ጎጆ አለመሥራቱ በሽታ አይደለምና አትጨነቁ፤ ከሠራ ግን ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ውሃውን የምታወጡበትን ቱቦ በተቃራኒው ጥግ አስገቡ፣ አዲሱንም ውሃ በትንሽ በትንሹ በሳህን ላይ እያንሸራተታችሁ አፍስሱ፤ ጎጆው ሳይፈርስ ከውሃው ጋር ወርዶ ከውሃው ጋር ይወጣል።